ጋሼን «ለሆዱ ያደረ» ካልኳቸው በኋላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። ትራምፔት ይጫወታል። የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። «ለማስታወቂያ እንድጫወት ተጠይቄያለሁ። ብሩ ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ ‹ተሸጠ› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?» አለኝ።

በስልክ ልመልስለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የማከብራቸውን ሰው አስቀይሜያለሁ። አንድ ዜማዬንም ከእጄ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ለእሱም፣ እንደ እሱ ሌሊቱን ሲገላበጡ ለሚያድሩትም።

እኔና ባለቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው ትዳር የጀመርነው። አንድ አሮጌ አልቶ ሳክስፎን ነበረኝ። ቤት ውስጥ ስነፋ ልጅ ያስተኙ ጎረቤቶች በር ያንኳኳሉ። እውነት ስለነበራቸው አልቀየማቸውም። ሲመሽ ሳክስፎኔን ይዤ ወደ ሜዳው እወጣለሁ። ከሜዳው ማዶ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። የከባድ መኪናው ጩኸት ስለሚሸፍነኝ ማንም አይቆጣኝም።

አንድ ምሽት ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰው ቆመው ሲሰሙኝ አየሁ። ነፍቼ እስክጨርስ ጠበቁ። «ትንፋሹን ከደረትህ ነው የምታወጣው። ከሆድህ አውጣው» አሉኝና ሄዱ። በማግስቱም መጡ። በአንድ የሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቴነር ሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው። ስማቸውን መጥቀስ አይወዱም፤ እዚህም ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሎካችን አጠገብ ባለው የጋራ መገልገያ ቤት እንገናኛለን። ለቅሶ ወይም ድግስ ካለ ይቀራል። ለስድስት ወር ያስተማሩኝ አንድ ድምፅ ይዞ መቆየትን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ቅኝቶቹ ገባን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ።

ከትምህርቱ የበለጠ ግን ውስጤ የቀረው ሌላውን የሚያደንቁበት መንገድ ነው። ሬዲዮ ላይ ጥሩ ነገር ከመጣ ወሬ ያቆማሉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አብሮ ይሄዳል። ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። «ሽለላ ከፎካሪ አፍ የሚወጣ ነገር ነው። ጌታቸው ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። እስቲ አስበው፤ ማን አስተማረው?» ይላሉ። ደግሞ አንድ ደብተር አላቸው። ሬዲዮው ዘፋኙን ብቻ ሲናገር፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ጠይቀው አጣርተው እዚያ ላይ ይጽፉታል። «ዘፋኙን አገር ያውቀዋል። ከኋላው ያለውን ልጅ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?»

እኔ እሳቸውን የማደንቀው እንደዚህ አልነበረም። ከፍ አድርጌ ሰቅያቸው ነበር። ከሰቀልኳቸው ቦታ ዝቅ እንዲሉም አልፈቀድኩላቸውም። ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጀበና ቡና ጋ ተቀምጠናል። አራት ሆነን ባንድ ጀምረን ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ሳክስፎኑን በመጀመሪያው ትንፋሽ ለየሁት። ጋሼ ናቸው። ከረቫት አስረው፣ ፈገግ ብለው፣ ከተሰጣ ልብስ ፊት ቆመው ይነፋሉ። አንዱ ጓደኛዬ «ያንተ ጋሼ አይደሉም?» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አብሬ ላለመዋረድ «ለሆዱ ያደረ ሰው ነው፤ ተወው» አልኩ።

ዛሬም የምታመኝ እያንዳንዷ ቃል ናት። አንቱ የምላቸውን ሰው አንቱታቸውን እንኳ ነፍጌ ነው የሰደብኳቸው። ለምን እንደሠሩት አልጠየቅሁም። ስንት ተከፈላቸው፣ በምን ውል ገቡ፣ ምን ሸጡ፣ ምን አልሸጡም፣ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ሰፈራችን ትንሽ ስለሆነ ወሬው ደረሳቸው። በሚቀጥለው እሑድ እንደወትሮው ሄድኩ። ምንም አላሉኝም። «ሪድህን ቀየርክ?» ብለው ሳክስፎኑ አፍ ላይ ስለሚታሰረው ስስ ሸምበቆ ብቻ ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ «በመርህ ተለያየን» እላለሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው የቀረሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምታደንቁት ሙዚቀኛ እናንተ የማትሠሩትን ሥራ ሲሠራ ካያችሁ፣ ለጓደኞቻችሁ ከማውራታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። ጥያቄው አምስት ደቂቃ ይወስዳል። እኔ ባለመጠየቄ ሁለት ዓመት የሚሆን ትምህርት ቀርቶብኛል።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ባንዳችን ሕግ አወጣ። ሠርግ የለም። ማስታወቂያ የለም። ሆቴል የለም። «ንፁህ ሙዚቃ» እንል ነበር። አንድ ሆቴል በሳምንት ሁለት ምሽት እንድንጫወት ጠይቆን እምቢ አልን። እምቢ ባልን ቀን ማታ እየተቃቀፍን ነው የተለያየነው። የልምምድ ጊዜ ነበረን፤ ሥራ ግን በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢገኝ ነው።

ባለቤቴ ገላን አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። አንድ የወር መጨረሻ የቤት ኪራይ ስንቆጥር እንደተለመደው ከእኔ በኩል ምንም የለም። አልተቆጣችም። ብሩን እያስተካከለች «አንተ ‹አንሸጥም› ትላለህ። እኔ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተሸጬ ነው የምመለሰው» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የእኔን ንፅህና የምትከፍልልኝ እሷ እንደሆነች እስከዚያ ቀን አልታየኝም ነበር። አንሸጥም የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ኪራዩን ማን እየከፈለ እንደሆነ ተመልከቱ። ያ ሰው ወዶና ተስማምቶ ከሆነ መልካም ነው። ሳትጠይቁት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጠይቁት።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ በትክክለኛው መንገድ አልሄድኩም። ተጣደፍኩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። የሙዚቃ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በእነዚያ 55 ቀናት ሠርግ የለም፣ ምሽት ቤቱም ይቀዘቅዛል። በጥር የሠራ በጥር ያስቀመጠውን ይበላል። በጥር ያልሠራ ይበደራል። እኔ ተበድሬ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ፕሮሞተር ነኝ የሚል ሰው መጣ። ሥራ አለኝ ብሎ አልጀመረም። ያሞግሰኝ ጀመር። «ከጌታቸው መኩሪያ በኋላ እንዳንተ የሚነፋ አልሰማሁም» አለኝ። ከጌታቸው ጋር የሚያገናኘኝ ምንም እንደሌለ እያወቅሁ ልቤ ቀለጠ። ለሁለት ዓመት ማንም ጥሩ ቃል አልተናገረኝም ነበርና። ከዚያ አንድ ትልቅ አልበም እየሠራ እንደሆነ ነገረኝና ዜማ ጠየቀኝ።

የሰጠሁት የምወደውን ነው። ሜዳው ላይ የተወለደ ዜማ ነበር። አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋ፤ እነዚያን ሁለት ድምፆች ይዤ በአምባሰል ቀጠልኳቸው። ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል። ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። አንዱን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሁለተኛውን ፈረምኩ። ዋጋው 20,000 ብር ነበር፤ ግማሹን ቀብድ በእጄ ቆጠረልኝ።

ያን ቀን «ተሸጥኩ» ብዬ አላሰብኩም። ማስታወቂያ አይደለም፤ ሠርግ አይደለም፤ አልበም ነው። ጥበብ ነው ብዬ በደስታ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከወራት በኋላ ከሳሪስ ወደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮው ላይ የቀለም ማስታወቂያ ጀመረ። ሁለቱ የጡሩምባ ድምፆች፣ ከዚያ አምባሰል። የእኔ ዜማ ነበር። በኪቦርድ ነው የተጫወቱት፤ ሳክስፎን እንኳ የለበትም። ወያላው አብሮ እያፏጨ ነበር፤ ዜማውን ለምዶታል ማለት ነው። ቤት ገብቼ አልበሙን ፈለግሁ። ዜማ በሚለው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ቀሪውን 10,000 ብርም እስከ ዛሬ አላየሁትም።

በማግስቱ እግሬ የወሰደኝ ወደ ጋሼ ቤት ነው። አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ያልኩትን ሰምተዋል» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ። ልጅ ነበርክ። ግባ» አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ውሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ ቀስ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በማንኛውም መንገድ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚል አለ። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሳጥን አንድ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አመጡ። የሳሙናው ማስታወቂያ ውል ነበር። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሠላሳ ሰከንድ። ለቴሌቪዥን ብቻ። ለአንድ ዓመት። ዜማው የማስታወቂያ ሠሪው፣ የእሳቸው ሳክስፎን መንፋት ብቻ። ከዓመቱ በኋላ ማሳየት ከፈለጉ እንደገና ይከፍላሉ። «ዜማ እንድሠራላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ እሱን ተዉት አልኳቸው። እኔ የሸጥኩት የአንድ ቀን ትንፋሽ ነው» አሉኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ረጅም ጊዜ አየኋቸው። ሆዱን ያስቀደመው ማን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ያን ቀን እስኪመሽ አወራን። የማደንቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አነሡልኝ። ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፍኗል። ጌታቸው ራሱ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነፍቷል። «ደመወዛችን ከመንግሥት ነበር። ና ሲሉህ ትሄዳለህ፤ ለማን እንደምትጫወት አትመርጥም። አሁን እናንተ ያንን ዘመን ንፁህ ትሉታላችሁ» አሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ነጋዴ ወጣት ነበር። የማሳተሙ መብት በሌላ እጅ እያለ ደፍሮ የገባ ነው። «ያ ነጋዴ ባይደፍር የስንቱ ድምፅ አየር ላይ ይቀር ነበር?»

ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን አነሣን። ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪገኝ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዱት ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ከዚያ በኋላ በዓለም መድረክ ላይ ተመለሱ። ታክሲ መንዳታቸው ሙዚቃቸውን አላረከሰውም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ፒያኖ የተጫወቱበትን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አሳትመው ሸጠዋል። ገቢው ለችግረኛ ልጆች ነው የዋለው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ፣ ኢትዮ ጃዝን ሰምቶ የማያውቅ ስንት የውጭ ሰው ሰማው። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሰባኛ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ ዘ ኤክስ ከተባለ የሆላንድ ሮክ ባንድ ጋር አልበም አወጡ። ጋሼ ያንን አልበም ሲያነሡ ልጅ ይመስላሉ። «ሽለላውን አልቀየረም። እነሱ ናቸው ወደ እሱ የመጡት» ይላሉ።

እኔ ደግሞ ስለ አዝማሪ አሰብኩ። መሲንቆ ተጫዋቹ ግንባሩ ላይ ብር ተለጥፎለት ነው የኖረው። አያቶቻችን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገውት ነበር፤ በገንዘብ ያሞግሳል ብለው። ዛሬ እነዚያን ቅኝቶች ይዞ ያቆየልን እሱ መሆኑን ሁላችንም እናወራለን። እኔ ጋሼን የሰደብኳቸው በዚያው በአያቶቼ አፍ ነው። ቃሉን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ስለ ዜማዬ የሆነውን ልንገራችሁ። ጋሼ ወደ አንድ የሚያውቁት ጠበቃ ላኩኝ። ያስረዳኝ ነገር ለሁላችንም ስለሚጠቅም በቀላሉ ላስቀምጠው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሥራው የራሳችሁ ፈጠራ ሆኖ ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ዜማ ግን የለውም። መብቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የገንዘብ ነው፤ ይህ በጽሑፍ ውል ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል። ሌላው የሞራል ነው፤ የዜማው ደራሲ ተብሎ መጠራት፣ ሥራችሁም ክብራችሁን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ መቃወም። የገንዘቡን መብት ሸጣችሁትም እንኳ ስማችሁ የእናንተ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ማስቆም አልቻልኩም፤ ፈርሜያለሁና። ስሜን ግን ጠየቅሁ። በስልኬ የቀዳሁት የመጀመሪያው ቅጂ ቀኑ ተጽፎበት ስለነበር ማስረጃ ሆነኝ። ጠበቃው ደብዳቤ ጻፈ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ዜማው በበይነ መረብ ላይ ባለበት ቦታ ስሜ ገባ። ያን ስልክ ቀይሬ ቅጂውን አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ያም አይኖረኝም ነበር። ዜማ ስትሠሩ ወዲያው ቅዱት። ለሁለት ለምታምኗቸው ሰዎችም ላኩት። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብም ይቻላል፤ ክርክር ሲመጣ ይረዳል።

ከዚያ ወዲህ ሠርግ እሠራለሁ። ሆቴልም እሠራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ የሠርግ ሥራ ከበደኝ። ሦስት ሰዓት ቆሞ መንፋት ከንፈር ይቆርጣል። ግን ሰው ፊት መጫወትን ያስተማረኝ ሠርግ ነው። አንዲት አሮጊት ባቲውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሥተው እስክስታ ሲወርዱ ያየሁት ሠርግ ላይ ነው። ስትዋዋሉ ሰዓቱን አስጽፉ። ግማሹን ቀብድ ያዙ። በተለይ እንደ እኛ ከከተማው ጫፍ የምትኖሩ፣ የማታ ትራንስፖርቱን ከዋጋው ለይታችሁ ተነጋገሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የሚመጣ መኪና ዋጋ ግማሽ ድካማችሁን ይበላዋል። በጥር ካገኛችሁት ለጾሙ አስቀምጡ። ባዶ ኪስ ሆኖ ውል ማንበብ ከባድ ነው፤ ፊደሉ ይደበዝዛል። እኔ ያን ሁለተኛ ገጽ ያላነበብኩት ማንበብ ስለማልችል አልነበረም።

ደግሞ እምቢ ማለትን አልተውኩም። የራሴን ዜማ ለማስታወቂያ አልሰጥም። ይህ የእኔ ልክ ነው። ሌላው ሌላ ልክ ሊኖረው ይችላል፤ ጋሼ እንኳ በአንዳንዱ ከእኔ ይለያሉ። አንድ ጓደኛዬ ከባንዱ ወጥቶ ዛሬም ሠርግ አይሠራም። ቀን ቀን ብረት ይበይዳል፤ ማታ ለራሱ ይጫወታል። አደንቀዋለሁ። ይህንንም ራሱ ባለበት ነግሬዋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት መናገር መጀመሪያ አፍ ያስይዛል፤ ቢሆንም ተናገሩት። ጋሼን ለዓመታት ሳደንቃቸው አንድም ቀን አልነገርኳቸውም ነበር። ከእኔ አፍ ወጥቶ መጀመሪያ የደረሳቸው ስድቡ ነው።

ለትራምፔቱ ልጅ ትናንት መልሼ ደወልኩለት። «ሂድ» ወይም «ተው» አላልኩትም። ውሉን ይዞ እሑድ ወደ ጋራ መገልገያው ቤት እንዲመጣ ነገርኩት። ሁሉንም ገጽ አብረን እናነባለን። ጋሼም ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማን እንደሚነፋ ሰምተው ስሙን ሊጽፉ ይፈልጋሉ።